ሳሎኑን ያነሳው ደላላ

የቤት ኪራይ ማስታወቂያ የሚወጣበት ድረ ገጽ ላይ እሠራ ነበር። ደላሎች የቤቱን ፎቶ ይጭናሉ፣ ሲስተሙ በተለያየ መጠን ያሳንሰዋል። ከ20 ሜጋባይት በላይ የሆነ ፋይል አይገባም።

አንድ ሰሞን ሰርቨሩ እየደጋገመ መውደቅ ጀመረ። ሰርቨሩ የሚሠራውን የሚመዘግብበት ሎግ ላይ ኤረር የለም፤ መሀል ላይ ቁርጥ ይላል። ከመቆረጡ በፊት ያለው ግን ፎቶ የምናሳንስበት ፒሎው የሚባል የፓይተን ላይብረሪ ማስጠንቀቂያ ነው፦ ፎቶው «ዲኮምፕሬሽን ቦምብ» (ትንሽ መስሎ ገብቶ ሲፈታ ሜሞሪ የሚጨርስ ፋይል) ሊሆን ይችላል ይላል። ቦምብ የሚል ቃል ሲታይ ቢሮው ተረበሸ። ጥቃት ነው ተባለ። አለቃችን የጫነው ሰው አካውንት ይዘጋ አለ።

አንዷ ባልደረባችን ግን «ቆይ እስቲ፣ መጀመሪያ ፎቶውን እንየው» አለች።

ከፈትነው። ሳሎን ነው። ሰፊ ነጭ ግድግዳ፣ አንድ ግራጫ ሶፋ። ፋይሉ ከገደቡ በታች ነው፤ ልሙጥ ግድግዳ በጄፔግ በደንብ ስለሚታመቅ። ስፋቱ ግን 12,000 በ9,000 ፒክስል! ደላላው ባለ 108 ሜጋፒክስል ስልክ ይዞ ቤቱን አሳምሮ ለማሳየት የደከመ ሰው ነው።

ነገሩ እዚህ ላይ ነው ያለው። ፎቶ ለማሳነስ መጀመሪያ የታመቀውን መፍታት ያስፈልጋል። ሲፈታ እያንዳንዱ ፒክስል 3 ወይም 4 ባይት ይወስዳል። 108 ሚሊዮን በ4 ሲባዛ 432 ሜጋባይት ነው። ሳሎን፣ መኝታ ቤት፣ ኩሽና አንድ ላይ ሲጫኑ ሜሞሪው ያልቃል፣ ሊኑክስም ፕሮግራሙን ይገድለዋል። ለዚህ ነው ኤረር እንኳን ሳይጽፍ የሚሞተው። ፒሎው በራሱ የሚያስቆመውም ከ179 ሚሊዮን ፒክስል ገደማ በላይ የሆነውን ነው፤ ከ89 ሚሊዮን ገደማ ጀምሮ እስከዚያ ድረስ ማስጠንቀቅ ብቻ።

ሜሞሪ እንጨምር ያለም ነበር። አልተስማማሁም። ነገ ከዚህ የባሰ ፎቶ ይመጣል፤ እውነተኛ ቦምብም ሊመጣ ይችላል። ስፋቱ የፋይሉ ራስጌ (መጀመሪያው ክፍል) ላይ ስለተጻፈ ፎቶውን ሳንፈታ ማንበብ እንችላለን። ከልክ ያለፈውን እዚያው መመለስ ጀመርን። ሌላውን ወረፋ አስይዘን ተራ በተራ አስኬድነው። ከሁሉም የጠቀመን ግን ጄፔግን ሲፈታ ጀምሮ ቁመቱንም ወርዱንም ወደ አንድ ስምንተኛ አሳንሶ ማውጣት መቻሉ ነው፤ በፒሎው «ድራፍት» ይባላል። ያ ሳሎን 1,500 በ1,125 ሆኖ ወጣ። የሚይዘው ሜሞሪ 7 ሜጋባይት እንኳን አይሞላም። የደላላው አካውንትም አልተዘጋም።

ፎቶውን ስንመረምር ሌላም ነገር አየን። ስልኩ ቤቱ ያለበትን ቦታ (ጂፒኤስ) አብሮ ጽፎበታል። ዋናውን ፋይል ማንም ማውረድ ይችል ስለነበር ይሄ ከሰርቨሩ መውደቅ በላይ አስደነገጠኝ። ሰው ቤቱን ለማከራየት ፎቶ ሰጠ እንጂ በሩን ለማያውቀው ሰው አላሳየም። አሁን ዋናውን ለማንም አናሳይም። ከተሳነሰው ፎቶም ላይ ይሄን መረጃ እናጠፋለን፤ የፎቶው አቅጣጫም እዚያው ውስጥ ስለሚቀመጥ ግን መጀመሪያ አዙረን ነው የምናጠፋው፣ አለዚያ ሶፋው በጎኑ ተጋድሞ ይወጣል።