ሰይፉን ወደ አፎቱ መመለስ

የጃፓን ከተማ ኪዮቶ ስገባ ከቤተ መቅደሶቹ ይልቅ ልቤን የሰቀለው የኢያይዶ ትምህርት ነበር። ኢያይዶ ሰይፍን መዝዞ፣ ሰንዝሮ፣ ወደ አፎቱ የመመለስ ጥበብ ነው። ተጋጣሚ የለውም፤ ተማሪው ባላጋራውን በሐሳቡ ፊት ለፊቱ አቁሞ ይለማመዳል። ጥበቡን የጀመረው በ16ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ሐያሺዛኪ ጂንሱኬ ነው ይባላል።

አስተማሪው ጸጉራቸው የሸበተ፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሰው ናቸው። መጀመሪያ ሐካማ የሚባለውን ሰፊ ሱሪ አለበሱን፤ ቀጥሎ ስለት የሌለውን የመለማመጃ ሰይፍ በግራ ጎናችን፣ ስለቱ በሚኖርበት በኩል ወደ ላይ አድርገው አሻጡን። ከዚያ ተንበርክከን ለሰይፉ እጅ ነሳን።

ሰይፍ የሚመዝዘው ቀኝ እጅ ይመስለኝ ነበር። እሳቸው ግን ዓይናቸውን ከግራ እጄ አልነቀሉም። የግራ አውራ ጣት የእጅ መከላከያውን ገፋ ሲያደርገው ሰይፉ ከአፎቱ ላላ ይላል፤ ቀኝ እጅ እጀታውን ወደፊት ሲስብ ግራው አፎቱን ወደኋላ ይጎትታል። ሁለቱ እኩል ካልሄዱ ረጅሙ ሰይፍ አይወጣም።

እኔን ከሁሉ ይበልጥ የማረከኝ ግን መመለሱ ነው። የሰይፉ ደንደስ በአፎቱ አፍ ላይ በተያዘው ግራ እጅ፣ በአውራ ጣትና በጠቋሚ ጣት መካከል ይንሸራተታል፤ ጫፉ አፉን ሲያገኝ ቀስ ብሎ ይገባል። ወደ ታች ማየት ክልክል ነው፤ ዓይን ከባላጋራው አይነሳም። ችኩል ሰው እዚህ ላይ ይታወቃል።

የጃፓን መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1876 ሰይፍ ታጥቆ መሄድን በአዋጅ ከለከለ። ሳሙራይ የሚባሉት ተዋጊዎች ትጥቃቸውን ፈቱ፤ እጃቸው የሚያውቀው ግን ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር እየተላለፈ ዛሬ ደረሰ። አስተማሪው ያን የመሰለ ውርስ አንድ ከሰዓት በኋላ ለማያውቁት መንገደኛ በትዕግሥት ማካፈላቸው ክብር ነው፤ አመሰግናቸዋለሁ።

መጨረሻ ላይ አስተማሪው በእውነተኛ ሰይፍ፣ ውኃ የጠጣ የሰሌን ጥቅል በሰያፍ ቆርጠው አሳዩን። ብዙ ጎብኚ የሚመጣው ለዚህ ነው፤ ልብስ አልብሰው ፎቶ አንስተው የሚሸኙ ቤቶችም አሉ። ለመማር የምትሄዱ ከሆነ ግን መንበርከኩንና እጅ መንሳቱን የማይዘልል አስተማሪ ፈልጉ። ጉልበታችሁ የሚያስቸግራችሁ ከሆነም አስቀድማችሁ ንገሩ፤ ቆሞ የሚሠራ ልምምድ አለ።