ደም ብቻውን አይበቃም

ሰሞኑን ከሐሳቤ አልወጣ ያለው የብራዚል ጃፓናውያን ቤተሰቦች ነገር ነው።

ሳን ፓውሎ ውስጥ ከጃፓናዊ አባትና ከብራዚላዊት እናት የተወለደ ልጅ፣ እዚያው በመወለዱ ብራዚላዊ ነው። ጃፓናዊነቱ ግን በወላጆቹ እጅ ነው። በሦስት ወር ውስጥ የብራዚሉን የልደት ምስክር ወረቀት ከጃፓንኛ ትርጉሙ ጋር ይዘው ቆንስላ ማስመዝገብ አለባቸው። ቅጹ ላይ «የጃፓን ዜግነቱ ይቆይለት» የሚል ቦታ አለ፤ ዋናው እዚያ ላይ መፈረም ነው። ቀኑ ካለፈ ልጁ ከተወለደበት ዕለት ጀምሮ ጃፓናዊ እንዳልነበረ ይቆጠራል። ለማስመለስ 18 ዓመት ሳይሞላው ጃፓን ገብቶ መኖር ይኖርበታል። በአራስ ቤት ግርግር ሦስት ወር ምን አላት? «አባቱ ጃፓናዊ አይደል እንዴ» ብሎ መዘናጋት ዋጋ ያስከፍላል።

ስሙም በጊዜ ይታሰብበት። ብራዚል ውስጥ የፖርቱጋልኛውን ስም አስቀድሞ የጃፓንኛውን ማስከተል የተለመደ ነው። ኮሴኪ የሚባለው የጃፓን የቤተሰብ መዝገብ ግን የመካከል ስም አያውቅም። ሁለቱም ይግቡ ከተባለ ተያይዘው እንደ አንድ ስም ይጻፋሉ፤ አንዱ ብቻ ከገባ የልጁ ሁለት ፓስፖርቶች አይመሳሰሉም። ስለዚህ ልጁ ሳይወለድ ተነጋግሮ መጨረስ ይሻላል። እናቲቱ ደግሞ የውጭ ዜጋ ስለሆነች የራሷ መዝገብ የላትም፤ የምትጠቀሰው በባሏ መዝገብ ላይ ነው። ዘጠኝ ወር ለተሸከመች እናት ይህ ያንሳል፤ ሁሌም ቅር ይለኛል።

ወረቀቱ ቢሟላም ነገሩ አያልቅም። የመጀመሪያዎቹ 781 ጃፓናውያን ስደተኞች በካሳቶ ማሩ መርከብ ሳንቶስ ወደብ የደረሱት እ.ኤ.አ. በ1908 ነው። በ1938 ብራዚል በውጭ ቋንቋ የሚያስተምሩ ትምህርት ቤቶችን ስትዘጋ ጃፓንኛ በቤት ውስጥ ብቻ ተወሰነ፤ በልጅ ልጆቹ አፍ ላይ እየሳሳ ሄደ። በ1990 ጃፓን እስከ ሦስተኛ ትውልድ ላሉት የስደተኞቹ ዘሮች በሯን ከፈተችና እዚያ ወዳሉት የሃማማትሱና የኦይዙሚ ፋብሪካዎች ጎረፉ። ብራዚል ውስጥ «ጃፓኑ» ሲባል የኖረው ሰው እዚያ «ብራዚላዊው» ሆነ። በ2009 ሥራ ሲጠፋ የጃፓን መንግሥት ለአንድ ሥራ አጥ 300,000 የን፣ ለእያንዳንዱ ጥገኛ 200,000 የን ሰጥቶ ሸኛቸው፤ በዚያው የመኖሪያ ፈቃድ እንዳይመለሱም ከለከለ። በደም የከፈቱትን በር በገንዘብ መዝጋት በጣም ያሳዝነኛል። ክፉኛ የተጎዱት ጃፓን ውስጥ ፊደል የቆጠሩት ልጆች ናቸው፤ ሳን ፓውሎ ሲመለሱ ፖርቱጋልኛ ማንበብ ከዜሮ መጀመር ነበረባቸው።