የፖስታው ጀርባ

ትናንት ማታ የአያቴን ቋጠሮ ፈታን። በጥቅምት 2014 ጦርነቱ ደሴ ሲገባ እናቴ ቴሌቪዥኑንም ብርድ ልብሱንም ትታ እሱን ብቻ በጉያዋ ይዛ ነው የሸሸችው፤ ከተመለስን ወዲህ ግን ማንም ነክቶት አያውቅም። እኔም የፈታሁት የአጎቴን ነገር ልጽፍ ብዬ ነው። ስሙን እዚህ አልጠራም፣ እናቴ አትወድም።

አጎቴ በጥቅምት 1978 ሰኞ ገበያ ላይ ለውትድርና ታፈሰ። ዶሮ ሊሸጥ ነበር የወጣው። ዶሮዋን ማታ አንድ ጎረቤት እግሯ እንደታሰረ አመጣት። በ1975 የወጣው የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ከ18 እስከ 30 ዓመት ያለውን ነበር የሚጠራው። እናቴ «አሥራ ሰባት ነበር» ትላለች፣ እስከዛሬ በዚህ ነገር ከሰው ትጣላለች። ስድስት ወር ሥልጠና፣ ሁለት ዓመት አገልግሎት፤ ሲደመር ሚያዝያ 1980 ላይ ያልቃል። እሱም ቆጥሮታል። ቋጠሮው ውስጥ ባለው ደብዳቤው ላይ «ከፋሲካ በኋላ እመጣለሁ፣ በግ ይዤ ነው የምገባው» ይላል። በምን ገንዘብ እንደሆነ እንጃ።

ደብዳቤው የተጻፈው ጥር 1980 ላይ ነው፣ ከኤርትራ፣ ከአፋቤት፣ እዚያ ከሰፈረው ናደው ከሚባለው የጦር ዕዝ። የዕዙ አዛዥ ጄኔራል ታሪኩ ዓይኔ በየካቲት ተረሸኑ። በመጋቢት ሻዕቢያ አፋቤትን ያዘ። ፋሲካ ሚያዝያ 2 ዋለ። ከዚያ በኋላ ደብዳቤም የለም፣ መርዶም የለም።

መርዶ ካልመጣ እርም አይወጣም። በ1983 ደርግ ወድቆ ወታደሩ ከሰሜን በእግሩ፣ እግሩ በጨርቅ ተጠቅልሎ ሲመጣ አያቴ ጠዋት ጠዋት ቆሎ በቁና ይዛ መንገድ ዳር ትቀመጥ ነበር። ቆሎውን ትሰጥና ስሙን ከነአባቱ ትጠይቃለች። የሚያውቀው አልተገኘም። ፎቶውን ስታሳይ አንዱ «እናቴ፣ ያኔ ሁላችንም እንዲህ ነበርን» አላት ይባላል። በ2004 እስክትሞት እርሙን አላወጣችም።

ታዲያ ትናንት ደብዳቤውን አንብቤ ፖስታውን ልመልስ ስል ገለበጥኩት። ጀርባው ላይ «ላኪ» ይልና የአጎቴ ስም አለ፣ ቀጥሎ የአባቱ ስም መሆን ሲገባው የሌላ ሰው ስም። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የአያቴ ወንድም ነው፣ የሐይቅ ከተማው። አያቴ ፊደል አትቆጥርም። ደብዳቤውን የሰፈር ተማሪ ሁሉ በየተራ አንብቦላታል፣ በቃሏ ይዛዋለች፤ የፖስታውን ጀርባ ግን ማን ያነባል?

እናቴ ስትሰማ ትንሽ ቆየችና ነገሩን አወጣችው። አያቴ ባሏ ሲሞትባት ትንሹን ልጅ ወንድሟ ሐይቅ ወሰደው። እዚያው ትምህርት ቤት ሲያስገባው የሙት ልጅ እንዳይባል በራሱ ስም አስመዘገበው። ወንድሟ እስላም ነው፣ የአጎቴ አባት ክርስቲያን፤ ወሎ ነውና ይሄ ማንንም አላስደነቀም። ልጁ ስምንተኛን ጨርሶ ደሴ ሲመለስ ቤት ውስጥ ማንም በአባት ስም አይጠራውም፣ እና ነገሩ ተረሳ። ሲያፍሱት ትምህርት ቤት የተመዘገበበትን ስም ነዋ የሚናገረው!

እዚያ ግንባር ላይ አብሮት ያደረ ሰው የሚያውቀው በእስላም አባት ስም ነው። አያቴ ያን ክረምት ሙሉ መንገድ ዳር ተቀምጣ የጠየቀችው ስለሌላ ሰው ነበር ማለት ነው። ምናልባት አንዱ የሚያውቀው ቆሎውን ተቀብሏት አልፎ ይሆናል። ይህን ለእናቴ አልነገርኳትም፤ እሷ ግን ከእኔ በፊት ገብቷት ኖሮ ፖስታውን ተቀብላኝ «እማዬ በዚያኛው ነበር የምትጠይቀው» አለች፣ ሌላ ነገር አልጨመረችም።

ኮምቦልቻ አንድ አፋቤት የተዋጋ ሰው አለ፣ የጎረቤታችን ዘመድ፣ እግሩን እዚያ የተወ። ዛሬ ደወልኩለትና ሁለቱንም ስም ነገርኩት። በስልክ ምንም አላለኝም፣ «ፎቶ ካላችሁ ኑ» ብቻ። እሁድ የሐረጎን ቁልቁለት ወደ ኮምቦልቻ ልወርድ ነው። ብቻዬን ልሄድ አስቤ ነበር፤ እናቴ ግን ነጠላዋን ከአሁኑ አጥባ አስጥታለች፣ ፎቶውንም የምይዘው እኔ ነኝ ብላለች።