ከ12 ወደ 315 ቮልት፦ ስምንት ሞስፌት የበላብኝ ጥቅል

በጅማ ክረምት ማታ ማታ መብራት ሲጠፋብን፣ የመኪና ባትሪን 12 ቮልት ወደ 315 ቮልት ዲሲ የሚያሳድግ መቀየሪያ ለመሥራት ወሰንኩ። ከዚያ ወዲያ ያለው ወደ 220 ቮልት ኤሲ የሚቀይረው ክፍል ብዙም አያስቸግርም።

መጀመሪያ የሞከርኩት አንድ ኢንዳክተር (የሽቦ ጥቅል)፣ አንድ ሞስፌት (በፍጥነት የሚበራና የሚጠፋ ኤሌክትሮኒክ ማብሪያ ማጥፊያ) እና አንድ ዳዮድ (ኤሌክትሪክን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ) ብቻ ያለውን ቡስት የተባለ ቮልቴጅ ማሳደጊያ ነው። ቀመሩ በወረቀት ላይ የፈለጉትን ቮልቴጅ ይሰጣል፤ ነገር ግን 315 ለመድረስ ሞስፌቱ ከጊዜው 96 በመቶውን በርቶ መቆየት ስላለበት፣ በሽቦው ላይ ያለችው ትንሽ ሬዚስታንስ እንኳ ጉልበቱን በሙቀት ታስቀረዋለች። ከአራት አምስት እጥፍ በላይ ማሳደግ የሚፈልግ ሰው ቡስትን ትቶ ትራንስፎርመር ይጠቅልል ባይ ነኝ።

ስለዚህ ሁለት ሞስፌቶች ትራንስፎርመሩን እየተፈራረቁ ወደሚነዱበት ፑሽፑል ዞርኩ። ኤስጂ3525 የተባለው አይሲ በ50 ኪሎኸርዝ ሁለት አይአርኤፍ3205 ሞስፌቶችን በየተራ ያበራል፤ ፕራይመሪው (በባትሪው በኩል ያለው ጥቅል) ሁለት ጊዜ 3 ዙር፣ ሴኮንደሪው (በመውጫው በኩል ያለው) 90 ዙር ነው። ባትሪው 10.5 ቮልት ቢደርስ እንኳ 30 እጥፉ 315 ነው። ቦርዱን በአንድ ቅዳሜ ጨረስኩ።

ችግሩ የመጣው ሞስፌቶቹ ላይ ነው። ያልበራው ሞስፌት የባትሪውን እጥፍ፣ ማለትም 24 ቮልት ይሸከማል፤ የእኔዎቹ እስከ 55 ስለሚችሉ ከበቂ በላይ መስሎኝ ነበር። በ25 ዋት አምፖል ሠሩ፤ 100 ዋት ስጭንባቸው አንዱ ጧ ብሎ ተሰነጠቀ። ቀየርኩ፣ ተቃጠለ፤ እንዲህ እያለ ስምንት ደረሰ። ሄርማታ ወደሸጡልኝ ሰው ሄጄ በደንበኞቻቸው ፊት «ጋሼ፣ የሰጡኝ ፎርጂድ ነው» አልኳቸው። እሳቸውም ሳይቆጡ «ልጄ፣ ከዚሁ ካርቶን ለስንቱ ሸጫለሁ፤ አንተ ጋ ብቻ ለምን ይቃጠላል? ሥራህን እየው» አሉኝ። ዛሬም ሳስበው ያሳፍረኛል።

ጓደኛዬ ኦሲሎስኮፕ (የቮልቴጅን መውጣትና መውረድ በመስመር የሚያሳይ መሣሪያ) ይዞልኝ መጣ። 24 ላይ መቆም የነበረበት መስመር፣ ሞስፌቱ በጠፋ ቁጥር እንደ መርፌ ወደ 60 ይወነጨፋል፤ የመርፌው አናትም ጠፍጣፋ ነበር። ጠፍጣፋ የሆነው ሞስፌቱ ከአቅሙ በላይ የመጣውን ቮልቴጅ በራሱ ገላ እያቃጠለ ስለሚያስቀረው ነው። ጥፋቱ የእኔ ነበር፤ ፕራይመሪውን በአንድ ጫፍ፣ ሴኮንደሪውን በሌላው ጫፍ ስለጠቀለልኩ፣ ከመግነጢሱ ከፊሉ ሁለቱን ሳያገናኝ ይቀርና መውጫ ያጣው ጉልበት ሞስፌቱ ላይ ያርፋል። ከባትሪው የሚመጣው ሽቦም ከስንዝር በላይ ነበር።

ፈትቼ እንደገና ጠቀለልኩ። የሴኮንደሪውን ግማሽ ከሥር፣ ሁለቱን የፕራይመሪ ሽቦዎች ጎን ለጎን አንድ ላይ መሐል፣ ቀሪውን ግማሽ ከላይ አደረግኩ፤ ትልቅ ካፓሲተር ከትራንስፎርመሩ እግር ሥር አስጠግቼ፣ በየሞስፌቱ ላይ መርፌውን የሚያለዝቡ ሬዚስተርና ካፓሲተር በተከታታይ ጨመርኩ። መርፌው ከ40 በታች ወረደ፤ ከዚያ ወዲህ አንድም አልተቃጠለም።

ብዙዎች «ከፍ ያለ ቮልት የሚችል ሞስፌት ግዛ» ይላሉ፤ እኔ አልስማማም። 100 ቮልት የሚችለው አይአርኤፍ540ኤን ሲበራ ሬዚስታንሱ 44 ሚሊኦም ሲሆን የ3205 ግን 8 ብቻ ነው፤ ከ12 ቮልት ባትሪ ከ10 አምፔር በላይ በሚሳብበት ሥራ ይህ ልዩነት ሁሉ ሙቀት ነው። ገንዘባችሁን ሳይሆን ጊዜያችሁን ጥቅሉ ላይ አውሉ። በመውጫው ካፓሲተር ላይም ተጠራቅሞ የሚቀረውን ቮልቴጅ የሚያፈስ ባለ 2 ዋት 100 ኪሎኦም ሬዚስተር ሳታስሩ ባትሪውን አታገናኙ፤ ካጠፋችሁት በኋላም አንድ ደቂቃ ጠብቁና በቴስተር ለክታችሁ ብቻ ንኩት።