ስድስተኛዋ ጳጉሜ

2015 ዓ.ም. ለእኔ የንባብ ዓመት ነበር። ከዩኒቨርሲቲ በወጣሁ በሁለተኛው ዓመት አዲስ አበባን ትቼ ድሬዳዋ የገባሁት በዚያ መስከረም ነው። ከዚራ ሰፈር ውስጥ ባለች አነስተኛ የሶፍትዌር ድርጅት ተቀጠርኩ። አዲስ ከተማ፣ አዲስ ሥራና አዲስ ዓመት አንድ ላይ ሲገጥሙልኝ ለራሴ ቃል ገባሁ፦ በቀን 20 ገጽ ሳላነብ አልተኛም። ድሬ ለዚህ ትመቻለች። ሙቀቱ ሰውን ቶሎ አያስተኛም፤ እኔም ፍራሼን ግቢ አውጥቼ አነባለሁ። የጨረስኩትን መጽሐፍ ስም፣ የጨረስኩበትን ቀንና ከመጽሐፉ የገባኝን አንድ ነገር በደብተር እመዘግባለሁ። እስከ ነሐሴ ድረስ 14 መጻሕፍት ጨርሻለሁ፤ አብዛኞቹ ስለ ዳታቤዝ፣ ስለ ኔትወርክና ጥሩ ኮድ ስለ መጻፍ ናቸው።

በሥራዬ የመጀመሪያ ወር ለአንድ የቁጠባና ብድር ማኅበር በምንሠራው ሲስተም ላይ ቀን የሚቀይረውን ክፍል እንድጽፍ ተሰጠኝ። ሰርቨሩ የሚያውቀው የፈረንጆቹን ቀን ነው፤ ደረሰኙና የብድር ውሉ ግን በእኛ አቆጣጠር ነው። 12 ወር ሠላሳ ሠላሳ ቀን፣ ጳጉሜ አምስት፣ ድምሩ 365። መስከረም 1 ከሴፕቴምበር 11 ጋር ይገጥማል። በግማሽ ቀን ጨረስኩት። በ2013፣ በ2014 እና በ2015 እስከዚያ ባለፉት ቀናት ሞከርኩት፤ ሦስቱም ሳይዛነፉ ገጠሙ። ጳጉሜ በአራት ዓመት አንዴ ስድስት እንደምትሆን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ። አውቀዋለሁ ያልኩት ነገር ስለሆነም ቆም ብዬ አላየሁትም።

ጳጉሜ 6 ሰኞ ዋለ፤ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ ነው። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ከማኅበሩ ተደወለ፤ ሲስተሙ ዓመቱን ቀይሮታል አሉ። በባጃጅ ደረስኩ። አዳራሹ ለበዓል ገንዘብ በሚያወጣ ሰው ጢም ብሏል። መስኮቱ ላይ አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት ቆመዋል። ነጠላቸው በርበሬ በርበሬ ይሸታል፤ ቀፊራ ገበያ ቅመም እንደሚሸጡ በኋላ ነገሩኝ። የመጨረሻውን የብድር ክፍያቸውን ሊከፍሉ ነው የመጡት። ሲስተሙ ግን ቀኑን መስከረም 1 ቀን 2016 ብሎ አንድ ቀን አዘግይተዋል አላቸው፤ ቅጣትም ጨመረባቸው። የማኅበሩ ደንብ ደግሞ ያዘገየ ሰው ለስድስት ወር አዲስ ብድር አያገኝም ይላል።

«እኔ አላዘገየሁም» አሉ፣ ድምፃቸውን ሳያነሡ። «ውሌ እስከ ዓመቱ ማብቂያ ነው የሚለው። ዛሬ ጳጉሜ ስድስት ነው።»

ካሸሯ ስክሪኑን አዞረችላቸው። «እማማ፣ ኮምፒውተሩ እኮ መስከረም አንድ ነው የሚለው።»

«ታዲያ አበባ የያዙት ልጆች የታሉ? እንቁጣጣሽ ቢሆን ኖሮ አንቺስ እዚህ ትገኚ ነበር?»

የሲስተሙ ሠሪ እኔ መሆኔን ሲነግሯቸው ተቆጥተው ይጮኹብኛል ብዬ ነበር። «ና እስቲ ልጄ፣ እስክሪብቶ አውጣ» አሉኝ። የተሳሳተውን ደረሰኝ ገልብጠው ጀርባው ላይ አስጻፉኝ። «አምስት ሺህ አምስት መቶ በል፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት ያለው ዘመን ነው። የዘንድሮውን ደምርበት። ለአራት አካፍለው። ስንት ተረፈህ?»

7515 ሆነ። አራት 1878 ጊዜ ገብቶ 3 ተረፈ።

«አንድ ከተረፈ ማቴዎስ ነው፣ ሁለት ማርቆስ፣ ሦስት ሉቃስ፤ ምንም ካልተረፈ ዮሐንስ። ዘመነ ሉቃስ ደግሞ ጳጉሜ ስድስት ናት።» አባታቸው መሪጌታ ነበሩ፤ ስሌቱን ከእሳቸው ነው የያዙት።

ቀና ስል ከካሸሯ ራስ በላይ የቀን መቁጠሪያ ተሰቅሏል። የጳጉሜ ሣጥን ከታች ጥግ ላይ ናት። ከረቡዕ እስከ እሑድ አምስቱ ቀናት በአንድ መስመር ተደርድረዋል፤ 6 ቁጥር ብቻዋን ወደ ቀጣዩ መስመር ወርዳ ሰኞ ሥር ተቀምጣለች። ይኸው የቀን መቁጠሪያ የእኛም ቢሮ ውስጥ፣ ከጠረጴዛዬ ፊት ለፊት ዓመቱን ሙሉ ተሰቅሎ ነበር።

«ይቅርታ እማማ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው» አልኳቸው። ኃላፊው ሲስተሙን አስቁመው በእጅ ደረሰኝ መሥራት ጀመሩ። እኔ ጥግ ይዤ ላፕቶፔን ከፈትኩ። 23 ደረሰኞች በተሳሳተ ቀን ወጥተዋል፤ አራት ሰዎች ያለ ጥፋታቸው አዘግይተዋል ተብለዋል። በዚያው ቢቀጥል ኖሮ የ2016 እያንዳንዱ ቀን አንድ አንድ ቀን እየቀደመ ይሄድ ነበር፤ በዓመቱ የሚከፈል ብድር ሁሉ ማለት ነው። ይህ ሲገባኝ እጄ ተንቀጠቀጠ።

አለቃዬ በስልክ ሁለት ነገር ብቻ ጠየቁኝ፦ 2011ን ሞክረኸው ነበር? ኮዱን ለማን አሳየኸው? 2011ም ዘመነ ሉቃስ ነበር፤ ከ2013 ሁለት ዓመት ወደ ኋላ ሄጄ ብሞክረው ኖሮ ስህተቱ ያን ቀኑኑ ይወጣ ነበር። ኮዱንም ለማንም አላሳየሁም፤ ቀላል ነው ብዬ።

ማስተካከያው አጭር ነው። 5500 ራሱ ለአራት ስለሚካፈል ኮዱ ውስጥ መደመር አያስፈልገውም፤ ዓመቱ ለአራት ተካፍሎ 3 ከተረፈ ጳጉሜ ስድስት ትሆናለች። መስከረም 1ን ከሴፕቴምበር 11 ጋር ማሰሬንም ፈታሁት። ከጳጉሜ 6 ማግስት አዲስ ዓመት ሴፕቴምበር 12 ላይ ነው የሚውለው። ፈረንጆቹ ደግሞ በ2100 ፌብሩዋሪ 29ን ይዘላሉ፣ የእኛ አቆጣጠር ግን አይዘልም፤ ስለዚህ ከዚያ ወዲያ መስከረም 1 ጭራሽ ሴፕቴምበር 11 ላይ አይውልም። አሁን ቀኑን ከአንድ መነሻ ጀምሮ ሳያቋርጥ ይቆጥራል። ሙከራው ውስጥ 2011፣ 2015 እና 2019 ገብተዋል፤ የፈረንጆቹ 2100ም አለ። ኮዱ ሲስተሙ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ሁለት ባልደረቦቼ መስመር በመስመር አይተውታል።

ማታ ግቢ ውስጥ ደብተሬን ገለጥኩ። የገባኝ አንድ ነገር የሚለውን አምድ ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። አብዛኛው ከመጽሐፉ ሽፋን ላይ እንኳ ሊጻፍ የሚችል ነው። 20 ገጽ ለመሙላት ስሮጥ የገባኝና የለመድኩት ተቀላቅለውብኛል። በ2016 የገጹን ቁጥር ተውኩት። አንዳንድ ማታ ሦስት ገጽ ብቻ አነባለሁ፤ ግን እርሳስ ይዤ፣ እውነት ይህ እንዲህ ነው ብዬ በእጄ እየሠራሁ። የጀመርኩት በባሕረ ሐሳብ፣ በቤተ ክርስቲያን የዘመን ስሌት ነው። በስሌቱ ውስጥ አበቅቴና መጥቅዕ የሚባሉት ሁለት ቁጥሮች ሲደመሩ ምንጊዜም 30 እንደሚሆኑ በራሴ ስሌት ሳገኘው የተሰማኝን ደስታ ከ14ቱ መጻሕፍት በአንዱም አላገኘሁትም።

ሐሙስ መስከረም 3 የታረመውን ደረሰኝ ይዤ ቀፊራ ሄድኩ። ቅጣቱ ተሰርዟል፣ አዘግይተዋል የሚለውም ጠፍቷል። እማማ ቀኑን በጣታቸው እየተከተሉ ድምፅ አውጥተው አነበቡት፦ ጳጉሜ 6 ቀን 2015 ዓ.ም.። ወረቀቱ ላይ የጣታቸው የበርበሬ አሻራ ቀረ። «ልክ ነው» አሉና አጥፈው መቀነታቸው ውስጥ ከተቱት፤ ወዲያው ለቆመው ደንበኛቸው በርበሬ መስፈር ጀመሩ።