የፊንላንድን ወረቀት ልቆጥር ብዬ ዶላር ስቆጥር ሰነበትኩ

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ሥር አንዲት የፎቶ ኮፒ ሱቅ አለችኝ። ወረቀት እሸጣለሁ፣ ጽሑፍ እተይባለሁ፣ መብራት ካለ የተማሪ ግራፍም እሠራለሁ። የእህቴ ልጅ ዩኒቨርሲቲ የሁለት አገር የወረቀት ኤክስፖርት አወዳድሪ ተብላ ፊንላንድንና ስዊድንን መርጣ መጣች። «ጎረቤት ናቸው፣ ሁለቱም ጫካ በጫካ ናቸው፣ ይቀላል» አለችኝ። አንድ ማታ ይበቃኛል አልኩ። ስምንት ቀን ፈጀብኝ።

መረጃ ማግኘቱ አልከበደም። ኮምትሬድ በሚባለው የተባበሩት መንግሥታት የንግድ መረጃ ቋት ላይ አገሩን፣ ዓመቱንና የዕቃውን ኮድ መርጦ ማውረድ ነው። ወረቀትና ካርቶን በዕቃዎቹ ኮድ ዝርዝር ምዕራፍ 48 ነው። ኤክሴል ላይ ሁለት መስመር ሳወጣ ግን በ2014 ደህና የነበሩት ሁለቱም በ2015 ቁልቁል ወረዱ።

ምክንያቱን ወዲያው አገኘሁ፤ ማለቴ ያገኘሁ መሰለኝ። ደብተሬ ላይ «2014፦ ፊንላንድ፣ የዩፒኤም ፋብሪካዎች አድማ፣ እስከ ሚያዝያ» ብዬ ጽፌ ነበር፤ ዩፒኤም የፊንላንድ የወረቀት ኩባንያ ነው። በቃ፣ አድማው ነው ብዬ ኮራሁ። ልጅቷ አይታ በሳቅ ፈረሰች። «ጋሼ፣ ይሄ እኮ የኛ 2014 ነው!» አድማው በፈረንጅ 2022 ነው። ደግሞስ ፊንላንድ ውስጥ የተመታ አድማ ስዊድንን ለምን ያወርዳል? ይህችን እንኳ አልጠየቅኩም።

መልሱ የተገኘው ከራሴ የሽያጭ ደብተር ነው። በኛ ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ሽያጬ በብር ሲታይ አድጓል፣ የሸጥኩት የኤ ፎር እሽግ ግን ቀንሷል፣ እና ይህን እያየሁ ነው ኮምትሬድ ሁሉን ነገር በዶላር እንደሚያስቀምጥ ትዝ ያለኝ። በ2014 አንድ ዩሮ በአማካይ 1.33 ዶላር ነበር፣ በ2015 ወደ 1.11 ወረደ። ስለዚህ ያው የ100 ዩሮ ወረቀት ከ133 ዶላር ወደ 111 ዝቅ ይላል፣ አንድ ጥቅል ሳይጎድል! የስዊድን ክሮናም ያንኑ ሰሞን ረክሷል፤ አንድ ዶላር ወደ 6.9 የነበረው 8.4 ገባ።

እያንዳንዱን ዓመት በየአገሩ ገንዘብ መልሼ አሰላሁ። ዩሮና ክሮና አንድ ላይ ስለማይሰመሩ የሁለቱንም የፈረንጅ 2010 ኤክስፖርት መቶ ብዬ ሌላውን ዓመት ከዚያ አንጻር ለካሁ። የ2015 ጉድጓድ አብዛኛው ተሞላ። የቀረው የፊንላንድ ቁልቁለት ነው፣ እሱ እውነተኛ ነው፤ ጋዜጣና መጽሔት ወደ ስልክ ሲገባ የሚታተምበት ወረቀት ፈላጊ አጣ፣ የካይፖላ ፋብሪካ በ2020፣ የቬይትሲሉኦቶው በ2021 ተዘጋ።

ግን ፊንላንድ ከሰረች ብዬ ልጽፍ ስል ደግሞ ሌላ ነገር ገጠመኝ። የወረቀት ጥሬ ዕቃ የሆነው የእንጨት ፐልፕ ምዕራፍ 47 ነው፣ 48 ውስጥ የለም። በ2017 ፊንላንድ ውስጥ አኔኮስኪ ላይ በዓመት 1.3 ሚሊዮን ቶን የሚያመርት የፐልፕ ፋብሪካ ሥራ ጀምሯል። እኔ 48ን ብቻ ይዤ ስለ ጫካቸው ልፈርድ ነበር።

በመጨረሻ ሁለት ግራፍ አተምንላት፣ አንዱ በዶላር፣ አንዱ በየራሳቸው ገንዘብ። መምህሯ «የዶላሩን ለምን አስገባሽው?» ሲላት «አጎቴን ያሳሳተው እሱ ነው» አለችው። እኔን ሳታማክር!