ሥጋን አልፎ የሚያይ መነጽር?

ሥራዬ ሲቲ ስካን ማንሳት ስለሆነ ነው መሰለኝ፣ ጓደኞቼ አንድ ዓይነት ቪዲዮ ደጋግመው ይልኩልኛል። ሰርጀኑ ትልቅ መነጽር አድርጎ በሽተኛው ጀርባ ላይ አጎንብሷል፤ ከቆዳው ላይ ደግሞ አከርካሪው በቀለም ተስሎ ይታያል። "ሥጋን አልፎ ያያል እኮ!" ይሉኛል። ኧረ አያይም። የሚያሳየው ቀድሞ የተነሳውን ሲቲ ስካን ነው። ጣጣው ያንን ምስል ገላው ላይ ልክ በቦታው ማሳረፉ ላይ ነው።

አጥንቱ ላይ ብርሃን የሚመልስ ምልክት ያለው መቆንጠጫ ይታሰራል፣ ካሜራ በኢንፍራሬድ ይከታተለዋል፣ በሽተኛው ሲተነፍስም ምስሉ አብሮ ይንቀሳቀሳል። አንድ ሰው ሳያስበው መቆንጠጫውን በክርኑ ከገፋው ግን አለቀ። ምስሉ እንዳማረበት ቦታውን ይስታል። ለዚህ ነው ጠንቃቃ ሰርጀን በየመሃሉ የሚያውቀውን አጥንት በመሣሪያው ጫፍ ነክቶ፣ ምስሉም እዚያው ማሳየቱን የሚያረጋግጠው።

እ.ኤ.አ. በጁን 2020 አሜሪካ፣ ባልቲሞር የሚገኘው የጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል ሐኪሞች በእንዲህ ዓይነት መነጽር እየታገዙ አንድ በሽተኛ አከርካሪ ውስጥ ስድስት ብሎን አስገቡ። ብሎኑ የሚያልፍበት አጥንት ጠባብ ነው፤ በአንድ ጎኑ ህብለ ሰረሰር፣ ከሥሩ ነርቭ አለ። ስክሪን ላይ የሚመራ ናቪጌሽን ቀድሞም ነበር፣ ግን ሐኪሙ መንገዱን ትቶ ስልኩን እያየ እንደሚነዳ ሹፌር አንገቱን ማዞር ነበረበት። መነጽሩ ያስቀረው ይሄንን ነው፤ ትንሽ ነገር አይደለም።

ከአከርካሪ የተጀመረው ያለ ምክንያት አይመስለኝም። አጥንት ቅርጹን አይቀይርም። አንጎል ግን የራስ ቅሉ ሲከፈትና ፈሳሹ ሲወጣ ይሰምጣል፣ አንዳንዴ ከ1 ሴንቲ ሜትር በላይ፤ ጉበትም በትንፋሽና በእጅ ግፊት ቦታውን ይቀይራል። ጠዋት ያነሳሁት ስካን ያኔ የድሮ ፎቶ ነው።

ሆሎሌንስ የተባለውን የማይክሮሶፍት መነጽር ለዚህ ሥራ የሞከሩት ብዙ ናቸው። ምስሉን የሚያጠራው ግን 2 ሜትር አካባቢ ነው፣ የሰርጀን እጅ ያለው ግማሽ ሜትር ላይ። ዓይን ሁለቱን እኩል አጥርቶ ማየት አይችልም። ማይክሮሶፍትም እ.ኤ.አ. በ2024 ማምረቱን አቁሟል።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ አንድ ጥናት ነው። ሰርጀኖች አስከሬን ላይ፣ በአፍንጫ በሚገባ ካሜራ እየሠሩ ነው፤ ለገሚሶቹ መሪ ምስል ተደርቦላቸዋል። እነሱ ኢላማቸውን የበለጠ በትክክል አገኙ። እዚያው ካሜራው ፊት ሆን ተብሎ የተቀመጠውን ባዕድ ነገር ግን ምስል ከተደረበላቸው 15 ሰርጀኖች ያየው አንድ ብቻ ነው። ካልተደረበላቸው 17ቱ ውስጥ ሰባቱ አይተውታል።